የዲንካር ተራ

«ጨርቁን እንዳትረግጪው» አሉ አክስቷ ያሙና አቲያ በሩ ላይ ቆመው። «ዘይቱን ይዘሽ በግድግዳው በኩል ዙሪ። ቀሚስሽንም ሰብሰብ አድርጊ።»

ኬትኪ ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ በሌላው የዘይት ጣሳውን ይዛ፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ በጎን በጎን አለፈች። መብራቱ አባቷ በሞቱበት ጥግ ወለሉ ላይ ተቀምጧል፤ ክሩ ወደ ደቡብ፣ ወደ ሙታን አገር ዞሯል። እስከ አሥረኛው ቀን መጥፋት የለበትም። አጠገቡ የሩዝ ዱቄት የተነሰነሰበት ሰፊ ትሪ በቅርጫት ተከድኗል። ከትሪው ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ደግሞ ያ ጨርቅ ተዘርግቷል።

ላለማየት ብትታገልም አየችው። ጨርቁ ላይ መሰላሎችና እባቦች ተሥለዋል፤ መሰላል ያወጣል፣ እባብ ያወርዳል። የአባቷ መጫወቻ ከድሮ የደንብ ልብሳቸው የተቆረጠ የናስ ቁልፍ ነው፤ ከላይኛው ረድፍ ላይ ቆሟል። ከፊቱ ያለው ቤት የጥቁሩ እባብ አፍ ነው። ከዚያ ቀጥሎ የቪሽኑ ቤት ይመጣል፤ እዚያ የገባ ጨዋታውን ጨረሰ፣ ነፍሱም ዳነች ይባላል። የኬትኪ ቀይ ዶቃ ገና ታች ነው። እንደ ዳይ የሚጣሉት ስድስቱ ዛጎሎች በአባቷ ወገን ተከማችተው ይታያሉ፤ የሚቆጠሩት አፋቸውን ወደ ላይ ከፍተው የወደቁት ናቸው። ተራው የሳቸው ነበር።

«ነቅነቅ ብሏል እንዴ?» አቲያ በሹክሹክታ ጠየቁ።

«ምኑ?»

«ቁልፉ ነዋ። ትናንት ወደ እባቡ ጠጋ ያለ መስሎኝ ነበር።»

«አቲያ፣ እንዲህ አይበሉ በእናትዎ።»

«እኔ ምን አልኩ? ወንድሜ የት እንደደረሰ ብጠይቅ ነውር ነው?»

ጨርቁን አጥፎ የሚያነሳ ሰው በቤቱ አልነበረም። ሞት የገባበት ቤተሰብ ሱታክ በሚባለው የርክሰት ጊዜ ላይ ነው፤ አሥረኛው ቀን ወንዝ ወርዶ እስኪታጠብ ድረስ የአምላክ የሆነውን ነገር አይነካም፤ ጨርቁ ደግሞ ከአናቱ ላይ የቪሽኑን ቤት ተሸክሟል። ጎረቤቶች ሊያነሱት ይችሉ ነበር። እነሱ ግን የማሽላ ቂጣና የሽንብራ ዱቄት ወጥ ያመጣሉ፣ ሻይ በፔርሙስ ያመጣሉ፣ አንገታቸውን አስግገው ጨርቁን ያያሉ፣ ከዚያም «ደኅና ዋሉ» ሳይሉ ውልቅ ይላሉ። በለቅሶ ቤት መሰናበት ሞትን ተመልሰህ ና እንደማለት ነው። በደጅ ሲያልፉ የሚንሾካሾኩት ግን ይሰማል፤ ሰውየው መንገድ ላይ ቀረ፣ ጨዋታውን ሳይጨርስ ነፍሱ ወጣች፣ እባቡ ፊቱ አፉን ከፍቶ፣ ወይ ጉድ።

ኬትኪ በምትሠራበት ከተማ በፑኔ ቢነግሯት የምትስቅበት ነገር ነበር። ሥራዋ ለሙዚየም ትርኢት መንደፍ ነው፤ እንዲህ ያለ ታሪክ ስታገኝ ሰሌዳ ላይ ጽፋ መብራት ታበራበታለች። አባቷ ቤት ውስጥ ግን አልሳቀችም። ፈርታለች። አንድ ሰው ተነስቶ ያንን ተራ መጫወት አለበት፤ አንድ ከወደቀ ባባን እባቡ ይውጣቸዋል፣ ሁለት ከወደቀ ይድናሉ፣ ሌላ ቁጥር ከሆነ እዚያው ይቆማሉ። ያ ሰው ደግሞ አብራቸው ስትጫወት የነበረችው እሷ ናት፤ ይህንን ማንም ሊነግራት አላስፈለገም።

አባቷ ዲንካር የከተማቸው የካራድ አውቶቡስ ጣቢያ ተቆጣጣሪ ነበሩ። ፊሽካቸው ሲነፋ አውቶቡስ ይወጣል፤ ሳይነፋ ሚኒስትር ቢመጣ አይንቀሳቀስም። አንድ ጊዜ የገዛ ሚስታቸው ለእህቷ ሠርግ ልትሄድ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ስትሮጥ እያዩ ፊሽካውን ነፉ። ማታ «ሰዓቱ ደርሶ ነበር» አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። የኬትኪ እናት ያንን ሠርግ እስከ ዕለተ ሞቷ አልረሳችውም። እሳቸውም የረሱት አይመስልም፤ ስለ ሠርግ ወሬ በተነሳ ቁጥር ተነስተው ይወጡ ነበር።

ቤት ውስጥም ያው ናቸው። የዝናቡ ወር ሲገባ፣ ከእራት በፊት፣ ጨርቁ ይዘረጋል። እያንዳንዱ እባብ ስም አለው፤ ውሸት፣ ስርቆት፣ ቅናት። ከቪሽኑ ቤት ሥር አፉን ከፍቶ እስከ ታችኛው ረድፍ የሚጠመዘዘው ረጅሙ ጥቁር እባብ ቁጣ ይባላል። በዲንካር ቤት የተነከሰ ሰው መጫወቻውን አንስቶ ጅራቱ ላይ ጣል አያደርግም። በጣቱ እየገፋ፣ የእባቡን ጀርባ ተከትሎ፣ መታጠፊያ ሳይዘል እስከ ጅራት ይወርዳል። ልጅ ነኝ ማለት አይሠራም፣ ማልቀስ አይሠራም። የኬትኪ ታላቅ ወንድም ሙኩንድ እባብ ከመንካት መሸነፍ ይሻለኛል ብሎ ዛጎል ወርውሮ የሸሸበት ቀን አለ፤ ለአንድ ሳምንት ከጨዋታው ታግዷል።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት አቲያ ቅርጫቱን አንስተው ዱቄቱን አዩና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። የሟች ነፍስ ወደ ምን እንደሄደች ምልክት ትጥልበታለች የሚባለው ዱቄት ላይ ቀጭን መስመር ተሥሏል። ጠመዝማዛ ነበር።

ሙኩንድ ጎንበስ ብሎ አየ። «የአይጥ ጅራት ነው።»

«ከአይጥ ጅራት ይረዝማል።»

«ታዲያ ረጅም አይጥ ነዋ፣ አቲያ። ባባ ሩዝ ጓዳ ውስጥ ያከማቹ ነበር፤ አይጦቹ እኛን ያክላሉ።»

ማንም አልሳቀም። እሱ ራሱ ቅርጫቱን ሲመልስ እጁን ቶሎ ሳበ። ኬትኪ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይሉ የለ፤ ከዚያ ጠዋት ጀምሮ የመጋረጃው ገመድ፣ የእናቷ የድሮ መቀነት፣ መሬት ላይ የወደቀ የስልክ ሽቦ ሁሉ ያስደነግጣት ጀመር።

ያን ዕለት ከሰዓት የሥራ ባልደረባዋ ሩክሳና ከፑኔ መጣች። ሙዚየሙ ውስጥ የአዳራሹን ግንባታ የምትመራው እሷ ናት። ጫማዋን ደጅ አውልቃ ገባች፣ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ይቅርታ፣ የማይጠየቅ ነገር በማይጠየቅበት ቀን ነው የምጠይቅሽ» አለች። «ሠራተኞቹ የወለሉን የላይኛ ረድፍ ሊዘጉ ነው። እባቡን አውጥተን እንዝጋው?»

ሥራው እንዲህ ነው። የአዳራሹ ወለል በሙሉ የዚህ ጨርቅ ግልባጭ ይሆናል። ጎብኚ ጫማውን አውልቆ ይገባል፣ ከእንጨት የተሠሩ ትልልቅ ዛጎሎች ይጥላል፣ በእግሩ ከቤት ቤት ይራመዳል። እባብ አፍ ላይ የቆመ ሰው ከእግሩ ሥር መብራት ይበራና እስከ ጅራቱ ይመራዋል። እውነተኛው ጨርቅ መሐል ላይ በመስተዋት ውስጥ ይቀመጣል። ኬትኪ ንድፉን ለአባቷ ልታሳይ ላፕቶፗን ይዛ የመጣችው በሞታቸው ዋዜማ ነበር።

ዲንካር መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ብዙ አዩት። «እዚህ ጋ ሰው በእግሩ የቪሽኑን ቤት ሊረግጥ ነው?» አሉ። ኬትኪ ይህን አላሰበችም ነበር፤ አፈረችና ወዲያው አስተካከለችው፤ የመጨረሻው ቤት ከወለሉ ተነስቶ ግድግዳ ላይ በር ሆነ፣ መዳፍ ሲነካው የሚከፈት። «ይሄ ደኅና ነው» አሉ። ከሳቸው አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው። ቀጥለው ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ። «ረጅሙ የት ሄደ?»

«አወጣነው፣ ባባ። እዚያ ደርሶ የተነከሰ ሰው መቼም አይጨርስም። ኮሚቴው ደግሞ ቡድኑ ቶሎ ገብቶ ቶሎ ይውጣ ብሏል፤ ሌላ ሰው ደጅ ይጠብቃል።»

«ይጨረሳል ያለሽ ማነው?»

«ጨዋታ አይደል እንዴ? የሆነ ቦታ ማለቅ አለበት።»

«እባብ የሌለበት ጨዋታ ጨዋታ አይደለም። የአውቶቡስ መስመር ነው።» ተነስተው ጨርቁን አመጡ። «ነይ ቁጭ በይና በእባቡ እንጫወት። በሰዓትሽ ለኪው።»

ለካችው። ከሰዓቱ ወደ ማታ ሄደ፤ ሻይ ጠጡ፣ ደገሙ። እሷ ሰዓቷን ታያለች፤ የመጨረሻው የፑኔ አውቶቡስ ሊያመልጣት ነው። ቁልፉ ከቪሽኑ ቤት አጠገብ ሲደርስ እፎይ አለች፤ አንድ ውርወራ ቀረ። ዲንካር ዛጎሎቹን ሰብስበው በመዳፋቸው አንቀጫቀጩ። ከዚያ ቀስ ብለው መልሰው ጨርቁ ላይ አስቀመጧቸው።

«ይቆይ። ነገ ጠዋት።»

«ባባ፣ አንድ ውርወራ ነው የቀረው! አውቶቡሱ...»

«ነገ አልኩ እኮ።»

ተናደደች። እጇን ልትታጠብ ወደ ጓሮ ወጥታ ብዙ ቆየች፤ ስትመለስ የመጨረሻው አውቶቡስ ጊዜ አልፏል። አኩርፋ ተኛች። ጠዋት ሻይ ይዛ ስትገባ አባቷ በጎናቸው ተኝተው፣ ፊታቸው ወደ ጨርቁ፣ ቀዝቅዘው አገኘቻቸው።

አሁን የሚያስፈራት ይህ ነው። በሕይወቱ አውቶቡስ አዘግይቶ የማያውቅ፣ ጨዋታ አቋርጦ የማያውቅ ሰው፣ ያንን ውርወራ ለምን ተወው? ያየው ነገር ነበር? ሊመጣ ያለውን አውቆ ፈርቶ ይሆን? ኬትኪ አባቷ ፈርተው አይታ አታውቅም፤ ባባ ከፈሩት ነገር ፊት እሷ እንዴት ልትቆም ትችላለች?

«ኬትኪ?» አለች ሩክሳና። «እባቡን?»

«ከአሥረኛው ቀን በኋላ እነግርሻለሁ።»

ሩክሳና ወደ ጥጉ አየች። «ጨርቁን አጥፌ ላንሳልሽ? እኔ ሱታክ የለብኝም። በእኛ በሙስሊሞቹ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የለም።» ተነስታ ሄደች፣ ጎንበስ አለች፣ እጇን ዘረጋች። እጇ አየር ላይ ቆመ። ቀና አለችና ሻሿን አስተካከለች። «አላምንበትም» አለች፤ «ግን ባልነካው ይሻለኛል።»

በአሥረኛው ቀን ጠዋት ሁለቱ ወንዞች የሚገናኙበት ደረጃ ላይ ወረዱ። ሙኩንድ ራሱን ተላጨ፤ ራሰ በራ ሲሆን ከአባቱ ጋር መመሳሰሉ ሁሉንም አስደነገጠ። ካህኑ፣ ሁሉም ጉሩጂ የሚሏቸው፣ የተቀቀለ ሩዝ አድበልብለው ድንጋዩ ላይ አሰለፉ። ቁራ መጥቶ ከነካው ሟቹ ረክቶ ሄዷል ማለት ነው። ካልነካው አንድ የቀረ ፍላጎት አለው፤ ዘመድ አዝማድ ያንን ፍላጎት ገምቶ፣ ጮክ ብሎ ቃል እስኪገባለት ድረስ ይጠበቃል።

ከጎናቸው የሌላ ቤተሰብ ሩዝ ነበር። ገና ከእጃቸው ሳይወርድ ቁራ ወስዶት ሄደ። የዲንካር ሩዝ ግን ማን ያየው፤ ቁራዎቹ ዛፉ ላይ ሆነው ላባቸውን ያበጥራሉ። ፀሐይዋ ከረረች። ሩዙ ላይ ዝንብ ሰፈረ። ሰው እርስ በርስ መተያየት ጀመረ፤ ኬትኪ ግን ቀና ብላ ማንንም አላየችም።

ሙኩንድ እጁን አጣምሮ ወደ ፊት ቀረበ። «ባባ፣ አቲያን እኔ እጦራለሁ።» ምንም። «ቤቱ አይሸጥም።» አንድ ቁራ ጮኸና ዝም አለ።

ያሙና አቲያ ተንገዳግደው ተነሱ። «አንተ ልጅ፣ ስኳር የከለከልኩህ ለሕመምህ ብዬ ነው። ቂም ይዘህ ከሆነ በሙት ዓመትህ ጣፋጭ አሠራልሃለሁ፣ እስኪያንገፈግፍህ።» ቁራው ዞሮ ጀርባውን ሰጣቸው። አቲያ ተመልሰው ተቀመጡና እንባቸውን በሳሪያቸው ጫፍ ጠረጉ።

ጉሩጂ ከሣር የተሠራች ትንሽ ቁራ ከቦርሳቸው አወጡ። «እምቢ ካለ በዚህች እንነካዋለን። ይፈቀዳል።»

«የሣር ቁራ?» አሉ አቲያ። «ወንድሜን በሣር ቁራ ልትሸኙት? አገር ይስቅብናል።»

የሁሉም ሐሳብ አንድ ቦታ እንዳለ ኬትኪ ታውቃለች። ሙኩንድም ያውቃል፤ ላብ ግንባሩን አጥምቆታል። ቁራውን ቀና ብሎ እያየ፣ «ባባ፣ ጨዋታው ከሆነ አይጨነቁ» አለ። «ዛሬ ቤት ስንገባ ቁልፉን በእጄ ወደ ቪሽኑ ቤት አስገባዋለሁ። አንድ ጣት ነው።»

ኬትኪ ደነገጠች፤ የፑኔው ኮምፒውተሯ ላይ ያንን እባብ ያጠፋችው እሷም በአንድ ጣት ነበር። ቁራው ከቅርንጫፉ ወረደ። ሰው ሁሉ ትንፋሹን ያዘ። ወፉ ድንጋዩ ላይ ዘወር ዘወር አለ፣ አንገቱን አዘነበለ፣ ሩዙን በአንድ ዓይኑ አየ። ከዚያ ክንፉን አራግፎ ወደ ዛፉ ተመለሰ።

«ዲንካር ያለ ቲኬት ያሳፈረውን ሰው አሳዩኝ» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ። «አንድ ሰው። እስቲ አንድ።»

ቱካራም ናቸው፣ የፑኔ መስመር ሾፌር፤ ፀጉራቸው ያለቀ፣ ከዲንካር ጋር ዕድሜ ልካቸውን ሲጨቃጨቁ የኖሩ ሰው። ጥቂቶች በለቅሶው መሐል ፈገግ አሉ። ቱካራም ግን ፈገግ አላሉም፤ ወደ ኬትኪ ቀረቡ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ሆዴ ውስጥ አለ። ያን ማታ የመጨረሻውን አውቶቡስ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ልወጣ ስል ደወለልኝ። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ደውሎ አያውቅም። ‹ልጄ ተሳፍራለች?› አለኝ። ‹የለችም፣ ላቆይላት?› አልኩት፤ ለሱ ልጅ ያላቆየሁ ለማን ላቆይ ብዬ። ‹እንዳታቆይ! በሰዓትህ ውጣ› አለና ጮኸብኝ። ስልኩን አልዘጋም። ‹ወጣህ?› አለኝ። ‹ወጣሁ› አልኩት። ‹ጎሽ› አለኝ።» ቱካራም ራሳቸውን ነቀነቁ። «ከዲንካር አፍ ጎሽ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ለምን እንዳለኝ እስካሁን አልገባኝም።»

ኬትኪ ግን ገባት። እሷ ጓሮ ሆና በንዴት እጇን ስታሽ፣ አባቷ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው አውቶቡሷ እስኪወጣ ይጠብቁ ነበር። ሕጉን አልጣሱም። አውቶቡሱ በሰዓቱ ወጥቷል። እሷ ግን አንድ ሌሊት አባቷ ቤት አደረች፣ ያንን ሌሊት ደግሞ አኩርፋ ጨረሰችው። ያኔ ነው ከሞቱ ጀምሮ ያልወጣላት ለቅሶ የወጣላት፤ ደረጃው ላይ ቁጢጥ ብላ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀች፣ አቲያም ራሷን እቅፋቸው ውስጥ ከተቱት።

ስትነሳ ፍርሃቷ አልሄደም ነበር። ሩዙ ፊት ቆማ እጆቿን አጣመረች።

«ባባ፣ ተራዎን እኔ እጫወትልዎታለሁ። አላጭበረብርም። የወደቀውን እቆጥራለሁ፣ የሚያወርድ ከሆነም... አወርድዎታለሁ።»

የመጨረሻውን ቃል ሳትጨርስ ክንፍ ፊቷን ገረፈው። ቁራው ሩዙን ነክቶ፣ ጉርሻ አንስቶ፣ በወንዙ ላይ ዝቅ ብሎ በረረ። ጉሩጂ የሣር ቁራዋን መልሰው ቦርሳቸው ከተቱ። ሰዎች እፎይ ብለው መታጠብ ጀመሩ። ኬትኪ ብቻ እግሯ ከድንጋዩ ላይ አልነሳ አላት፤ ቃሏ ተወስዷል፣ ከዚህ ወዲያ መሸሽ የለም።

ቤት ሲገቡ ውኃ ተረጨ፣ ምድጃው ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ ተቀጣጠለ። ሩክሳናም መጣች፤ ከሙኩንድ፣ ከአቲያና ከቱካራም ጋር በሩ ላይ ቆመች። የከሰዓቱ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ጨርቁን እስከ እኩሌታው ሸፍናዋለች። ኬትኪ መጀመሪያ በራሷ ወገን ተቀመጠች፤ ከዚያ ተነስታ ዞረችና በአባቷ ቦታ ተቀመጠች።

ዛጎሎቹን አነሳች። መዳፏ ስላላበው ተጣበቁባት። ጣለቻቸው። አራቱ አፋቸውን ወደ ላይ ከፈቱ። ቁልፉ አይንቀሳቀስም። ለራሷ ጣለችና ዶቃዋን አራመደች። ለአባቷ ደገመች፤ ሦስት። በሩ ላይ አንድ ሰው ተነፈሰ። ለራሷ፤ ለአባቷ፤ አምስት። በእያንዳንዱ ውርወራ ዓይኗን መጨፈን ትፈልጋለች፣ አትጨፍንም። ሁለት አድርግልኝ አለች በልቧ፣ ለማን እንደምትለው ሳታውቅ። ጣለች።

አምስቱ ዛጎሎች በአፋቸው ተደፉ። አንዷ ዞር ዞር አለች፣ ጨርቁ ጫፍ ላይ ደረሰች፣ አፏን ከፍታ ቆመች።

አንድ።

አቲያ የሟቹን ስም ጠርተው ጮኹ። ሙኩንድ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የፈሩት ይደርሳል የሚባለው እንዲህ ነው፤ የኬትኪ ጣት ግን ወደ ቁልፉ ሄዶ ነበር። ወደ እባቡ አፍ ገፋችው። ናሱ ቀዝቃዛ ነው።

ያኔ ትዝ አላት። ትንሽ ልጅ ሆና ይኸው እባብ የነደፋት ጊዜ፣ አልወርድም ብላ አልቅሳ፣ ሙኩንድ ስቆባት፣ ባባ ደግሞ እንደ ሁልጊዜው ፊታቸውን ኮስተር አድርገው «ሕግ ሕግ ነው» ያሉ ጊዜ። ከዚያ ወፍራም ጣታቸውን በጣቷ ላይ አስደገፉና አብረው መውረድ ጀመሩ፤ በእያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ ቆም እያሉ በዚያ በጣቢያው ድምፃቸው፣ ሰው ሁሉ በሚፈራው፣ የፑኔን መስመር ጣቢያዎች ይጣራሉ። ፑኔ። ሺርዋል። ሳታራ። ኡምብራጅ። ጅራቱ ላይ ሲደርሱ «ካራድ! ተሳፋሪ ይውረድ፣ ቤት ደርሰናል» አሉ፤ እሷም እንባዋ ጉንጯ ላይ እንዳለ ሳቀች።

«ፑኔ» አለች ኬትኪ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ቁልፉን በመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ እየገፋች።

ሙኩንድ ፊቱን ከግድግዳው መለሰ።

«ሺርዋል።» ቁልፉ በጥቁሩ ጀርባ ላይ ይንሸራተታል። «ሳታራ።» ጣቷን አላነሳችም፣ አልዘለለችም። «ኡምብራጅ» ስትል ቱካራም ኮፍያቸውን አወለቁ። ጅራቱ ታችኛው ረድፍ ላይ፣ ከቀይ ዶቃዋ ብዙም ሳይርቅ አለቀ።

«ካራድ» አለች። ቁልፉን አቆመችው። «ቤት ደርሰናል፣ ባባ።»

አቲያ ማልቀሳቸውን አቁመው ጨርቁን ያያሉ። «አሁን ምን ይሆናል?» አሉ።

«አሁን ተራው የኔ ነው።»

«ያልቃል እንዴ ዛሬ?» አለ ሙኩንድ።

«አያልቅም።»

ሩክሳና አንድ እግሯን ወደ ውስጥ አስገባች። «እባቡስ? ምን ልበላቸው?»

«መልሱት። ሙሉውን፣ እስከ ጅራቱ። የሚጠብቅ ይጠብቅ።»

አቲያ ጉልበታቸውን ይዘው ከጨርቁ ዳር ተቀመጡ። ኬትኪ ተነስታ ወደ ራሷ ወገን ዞረች፣ ከቁልፉ ፊት ለፊት ቁጭ አለች። የእጅ ሰዓቷን ፈታች፣ ፊቱን ወደ ታች ደፍታ ከጨርቁ ውጭ አስቀመጠችውና ዛጎሎቹን መልቀም ጀመረች።